ማንጎው ትከሻ ሲያወጣ

በ2011 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 20 ቀን ነበር። ግንቦት ልደታ ስትመጣ ገና ሃምሳው ውስጥ ነን፤ ረቡዕ ዓርብ የለም፣ ለበዓሉ ከአዲስ አበባ የመጣው ጓደኛዬም አልተመለሰም። አጎቴ ከጎርጎራ ደወለና «ማንጎው ትከሻ አውጥቷል፣ ዶቅማውም ጠቁሯል፤ ልጆቹን ይዛችሁ ኑ» አለን። እናቴ ያን ዕለት ማታ ለንፍሮ የሚሆን ስንዴና ሽምብራ ስትለቅም አመሸች።

ሚያዝያ 30 ቀን ጠዋት እናቴ፣ እህቴ ከሁለት ልጆቿ ጋር፣ ጓደኛዬና እኔ ሆነን ከአዘዞ ተሳፈርን። ከጎንደር ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ግን አየሩን ይቀይረዋል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ጣና ዳር ሲደረስ ወደ 1,800 ይወርዳል። የእናቴ ግቢ ኮክ እንጂ ማንጎ የማያበላን ለዚህ ነው። ቆላ ድባን ስናልፍ ጋቢው ከትከሻ ወረደ፣ የሚኒባሱም መስኮት ተከፈተ። የደንቢያ ሜዳ በዚያ ወር አረንጓዴ አይደለም። መረሬው፣ ጥቁሩ አፈር፣ ተሰነጣጥቆ ዝናብ ይጠብቃል፣ አንዳንዱ ማሳ ታርሶ ተገልብጧል። እኔ እንዲህ ሆኖ ሳየውም ደስ ይለኛል፤ ክረምት ሲገባ ግማሹ ውኃ እንደሚተኛበት አውቃለሁና።

የአጎቴን ማንጎ የተከሉት አያቴ ናቸው፣ በፍሬ። የአገር ማንጎ ስለሆነ ቁመቱ ከቤቱ ጣሪያ በብዙ ይበልጣል፤ ፍሬውም ትንሽና ቃጫማ ነው። ገበያ ላይ ትልልቁ ማንጎ ይበልጠው ይሆናል፤ በጣዕም ግን ለእኔ የሚደርስበት የለም።

ጓደኛዬ ዛፉ ሥር ቆሞ ቢጫ የሆነውን ሲፈልግ አጎቴ ሳቀ። «ቀለሙን አትይ ልጄ፤ ይሄ አረንጓዴ እንደሆነ ይበስላል። ትከሻውን እይ» አለው። አንድ ያልደረሰና አንድ የደረሰ ቆርጦ ጎን ለጎን አሳየን። ያልደረሰው ጭራው ከተያያዘበት ጀምሮ ወደ ታች ይሾልካል። የደረሰው ግን ጭራው ጋ ጎድጎድ ብሎ ግራና ቀኙ ከፍ ብሏል፤ እውነትም ትከሻ ያወጣ ይመስላል። ጓደኛዬ ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ተሳሳተ፣ በአራተኛው ለየው።

አለቃቀሙም ወግ አለው። ጫፉ ላይ ከረጢት የታሰረበት ረጅም ሸንበቆ አለ፤ እሱ ያልደረሰበትን የአጎቴ ልጅ ወጥቶ ይቆርጣል። መሬት የወደቀ ማንጎ ውስጡ ስለሚላሽቅ ዛፉን ማራገፍ ክልክል ነው። ሲቆረጥ ደግሞ ጣት የሚያህል ጭራ ይቀርለታል፤ ጭራው ከሥሩ ከተነቀለ ወተት ያፈሳል፣ ወተቱም ቆዳ ያቃጥላል። አክስቴ የተለቀመውን ሁሉ አፉን ወደ ታች ደፍታ ሣር ላይ የምትደረድረው ወተቱ እንዲንጠፈጠፍ ነው። ይህን ለልጆቹ ሳንነግራቸው ቀረንና የእህቴ ትንሿ ልጅ አንዱን እንደተቆረጠ በጥርሷ ያዘችው። ከንፈሯ ወዲያው ቀላ፣ ልቅሶው ሐይቁ ድረስ የተሰማ መሰለኝ። አክስቴ በውኃና በሳሙና ደጋግማ አጠበቻትና የበሰለ ማንጎ ልጣ ሰጠቻት። ማታ እብጠቱ ባይጠፋም ልጅቷ አራተኛውን ማንጎ ይዛ ነበር።

ሲመሽ አክስቴ ፍሬውን በእንቅብ በእንቅብ ከፈለችው። የመጀመሪያው በኩራት ነው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ሁለተኛው ዛፍ ለሌላቸው ጎረቤቶችና በዚያ ሳምንት ለወለደች አንዲት ሴት ነው። የቀረው እስክንመለስ ጭድ ውስጥ ገባ። ይህ ሳይደረግ ከዚያ ቤት አንድ ማንጎ ለገበያ አይወጣም። ከልጅነቴ ጀምሮ የማየው ነው፤ ዘንድሮ አነሰ ተብሎ የቀረበት ዓመት አላስታውስም።

በማግስቱ ሐሙስ፣ ግንቦት 1 ቀን፣ ደብረ ሲና ማርያም አስቀደስን። ሣር ክዳኗና የ17ኛው መቶ ዘመን ሥዕሎቿ ብዙ የሚያጽፉ ናቸው፤ እኔ ግን የዚያን ቀን ሐሳቤ ውጭ ነበር። የልደታ በዓል የሚከበረው ከቤት ውጭ ነው። ሐናና ኢያቄም እመቤታችንን የወለዱት በሊባኖስ ተራራ ነው ስለሚባል፣ ንፍሮውም ቡናውም ደጅ ይወጣል። የሰፈሩ ሰው ከሾላው ሥር ተሰበሰበ፤ ሽማግሌው ዳቦውን ባርከው ቆረሱ፣ ንፍሮው በየእጃችን ታፈሰ። የእናቴ ስንዴና ሽምብራ ከጎረቤቶቹ ባቄላ ጋር ተቀላቅሎ የማን የማን እንደሆነ መለየት ቀረ።

ከቀትር በኋላ ወደ ዶቅማው ወረድን። ዶቅማ ለማያውቀው፣ ፍሬው ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙ አይበልጥም። ሲበስል ጥቁር ወይን ጠጅ ይሆናል፤ ሥጋው ስስ፣ ዘሩ ትልቅ ነው። መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ቀጥሎ አፍ ይይዛል፣ እጅ ግን አያቆምም። እናቴ በስልሳ ሁለት ዓመቷ ነጠላዋን አደግድጋ ስትለቅም አየኋት። ልጆቹ ምላሳቸውን እያወጡ የማን ይበልጥ እንደጠቆረ ሲከራከሩ እሷም ምላሷን አወጣች። እንዲህ ስትሆን ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

አጎቴ ልጅ ሳለ ከመንደሩ እስከ ሐይቁ ዳር ዶቅማ ነበር። አሁን ወንዙ ዳር ሦስት ቀርተዋል፤ ሌላው ያለው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ነው። የድሮው ከሰል ሆኖ አለቀ። ማንጎን ሰው ይተክለዋል፤ ዶቅማ ግን የዱር ነው ተብሎ የሚተክለው የለም። ይህን ሲናገር ድምፁ ዝቅ አለ፣ እኔም የምመልሰው አጣሁ።

የእህቴ ወንዱ ልጅ ዘሮቹን ኪሱ ውስጥ ሲያጠራቅም ነበር፣ ጎንደር ወስዶ ክረምት ሲገባ ሊተክል። አጎቴ ሰማና ኪሱን አስገለበጠው። «የዶቅማ ዘር ቀጠሮ አያውቅም። ከደረቀ ሞተ ማለት ነው፤ ሳምንት ሳይሞላው አፈር ይልበስ» አለው። አክስቴ ከአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ቀድዳ በውኃ ነከረችና ዘሮቹን ጠቀለለችለት።

ዓርብ ስንመለስ ሚኒባሱ በማንጎ ሽታ ታፍኖ ነበር። ልጁ እርጥቡን ጨርቅ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ከጎርጎራ እስከ አዘዞ በሁለት እጁ ይዞታል። ቆላ ድባ ላይ ጨርቁን ዳሰሰና «እማማ፣ እየደረቀ ነው» አላት። እናቴ የምትጠጣውን ውኃ ከፍታ አፈሰሰችበት።