ባለ 55ቱ ሞተር

ድሬዳዋ ላይ የጀልባ ሞተር ሸጫለሁ ስል ሰው ይስቅብኛል። እውነቱን ነው። የከተማው ወንዝ ደቻቱ ከዝናብ ወቅት ውጭ አሸዋ ነው። ጀልባ የት ይሄዳል?

የምሠራው ሶላርና ባትሪ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ በጅቡቲ በኩል ከገባ ዕቃ ጋር ሁለት የኤሌክትሪክ የጀልባ ሞተሮች ተደባልቀው መጡ። ከጀልባው ኋላ የሚታሰሩ ናቸው፤ በ12 ቮልት ባትሪ ይሠራሉ። አንደኛው ባለ 55 ፓውንድ ግፊት፣ ሌላኛው ባለ 40። ወራት አቧራ ጠጡ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከሐረማያ አንድ ጎልማሳ ዓሣ አስጋሪ መጣ። ሐይቁ በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ደርቆ ከብት ሲግጥበት አይቻለሁ። አሁን ውሃው ተመልሶ ሰው መረብ ይጥልበታል። እንዴት ደስ እንደሚል!

«ልጄ፣ ከሁለቱ ጉልበተኛው የቱ ነው?» አለኝ።

«ጋሼ፣ 55ቱ ነዋ!»

«ባትሪ እንኳ ቤት አለኝ። ከአይሱዙ ላይ የወጣ ነው፤ 70 አምፒር። ይሆናል?»

«ባትሪ ባትሪ ነው» አልኩት። ባትሪ ሻጩ እኔ ነኝ እንግዲህ! ስድስት ሰዓት ሊሞላ ነበር፤ በድሬ ሙቀት ሱቅ ዘግቶ ወደ ቤት መሄጃው ሰዓት ደርሷል። ቸኩያለሁ። ሞተሩን ባጃጅ ላይ ጭኜ ሸኘሁት።

በአራተኛው ቀን ደወለ። ድምፁን ስሰማ ገና ገባኝ።

«አቦ፣ ምን ዓይነት ነገር ነው የሸጥክልኝ? ይጮኻል እንጂ አይገፋም!»

ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ መሀል ሐይቅ ላይ ሳሉ ነፋስ ይነሳል። እሱና የእህቱ ልጅ መረቡን ሰብስበው ሞተሩን እስከ መጨረሻው ይከፍቱታል። ሞተሩ ያጓራል፣ ጀልባው ግን እዚያው ነው። ከ40 ደቂቃ በኋላ ማጓራቱም ቀረ። ሞተር አለን ብለው መቅዘፊያውን ዳር ትተውት ነበር። በአንድ ቁራጭ ጣውላ እየገፉ፣ ነፋስ በፈቀደው በኩል ወጡ። ጨለማ ውስጥ ሐይቁን ዞረው በእግራቸው ቤታቸው ገቡ።

እሁድ ቴስተርና ሜትር ይዤ በሚኒባስ የደንገጎን ዳገት ወጣሁ። እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር፤ ሁለት ሰው ውሃ ላይ አስቀርቼ ቢሆንስ?

ጀልባውን ሳየው መጀመሪያ የለካሁት ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ጣውላ ነው። ከአናቱ እስከ ውሃው 60 ሴንቲ ሜትር። ፕሮፔለሩ ጫፉ ላይ ያለበት የ55ቱ ዘንግ 30 ኢንች ነው፤ 76 ሴንቲ ማለት ነው። እንግዲህ ቀንሱት፤ ፕሮፔለሩ ውሃ ውስጥ የሚገባው 16 ሴንቲ ብቻ ነው። ቢያንስ 30 ሴንቲ መጥለቅ ነበረበት። ማዕበል ኋላውን ከፍ ባደረገው ቁጥር ፕሮፔለሩ አየር ይስባል፤ አየር ደግሞ አይገፋም። ጩኸቱ እሱ ነበር።

ቀጥሎ ባትሪው። ሌሊቱን ቻርጅ ተደርጎ ስለነበር ቴስተሩ 12.6 ቮልት አሳየኝ። ደስ ይላል። ሞተሩን ውሃ ውስጥ እስከ መጨረሻው ስንከፍተው ግን ዓይኔ እያየ ወረደ፤ 11.2፣ 10.8፣ 10.3። ባለ 55ቱ ሙሉ ሲከፈት ወደ 50 አምፒር ይጎትታል። የመኪና ባትሪ የተሠራው ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ጉልበት ሰጥቶ መኪና ለማስነሳት ነው። የውስጥ ሰሌዳዎቹ ስስ ናቸው፤ እስከ ታች ሲሟጠጡ ይሞታሉ። ይህን በቀን አሥር ጊዜ ለሶላር ደንበኛ እናገራለሁ እኮ! ጀልባ ሲሆን ምን ነካኝ?

ሽቦውን ስነካው ደግሞ ላስቲኩ በሙቀት ለስልሶ ጣቴ ላይ ተጣበቀ። ባትሪውን ወደ ፊት ለማስቀመጥ ብሎ በቀጭን ባለ 2.5 ካሬ የቤት ሽቦ አስረዝሞታል። ፊውዝ የለውም። በላዩ ላይ መረቡ ተከምሯል። ዝም አልኩ።

ከዚያ ዳር ላይ ቁጭ ብለን ደመርን። ጀልባው 150 ኪሎ ገደማ፣ ሁለት ሰው 140፣ መረብና ዓሣ 40፣ ባትሪ 30። 360 ኪሎ። የተለመደው ስሌት ለ45 ኪሎ 2 ፓውንድ ግፊት ነው። 16 ፓውንድ ይመጣል። ለነፋሱ እጥፍ እናድርገው፤ 32። ባለ 40ው ከበቂ በላይ ነበር ማለት ነው። ፓውንዱ የግፊት መጠን እንጂ ፍጥነት አይደለም፤ 55ቱ ይህችን ጀልባ ከ40ው ብዙም አያፈጥናትም። ባለ 40ው ደግሞ ዘንጉ 36 ኢንች፣ ማለትም 91 ሴንቲ ነው። ሱቅ ውስጥ አጠገቡ ቆሞ ነበር!

«ጉልበተኛው የቱ ነው ስልህ፣ ጀልባህ እንዴት ያለ ነው ብትለኝ ምን ነበረበት?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

አለቃዬ ተቆጣ፣ በኋላ ግን ሞተሩን መልሶ ተቀበለ። ባለ 40ውን፣ 100 አምፒር ጄል ባትሪ፣ 16 ካሬ ካቦና ባለ 60 አምፒር ብሬከር ይዤ ተመለስኩ። ብሬከሩን ባትሪው ሥር አሰርኩት። ይሄኛው ሞተር ፍጥነቱ እንደ ሬዲዮ ድምፅ ቀስ እያለ የሚጨምርና የሚቀንስ ነው። ግማሽ ላይ ሲነዳው ወደ 20 አምፒር ነው የሚበላው። ባትሪው ከግማሽ በታች እንዳይወርድ ብለን 50 አምፒር ሰዓቱን ብቻ ብንቆጥር እንኳ ሁለት ሰዓት ተኩል ይነዳል። ለመውጣትና ለመግባት ይበቃዋል፤ መረብ ሲጥል ጠፍቶ ነው የሚቆየው።

ባለፈው ሳምንት ወደ ሐረር ሳልፍ ጎራ አልኩ። ፕሮፔለሩ ላይ የተጠመጠመ የመረብ ክር በቢላ እየፈታ አገኘሁት። ክሩ ወደ ውስጥ ገብቶ የዘይት ጎማውን ከበላው ውሃ ሞተሩ ውስጥ ይገባል፤ ይህን እንኳ ሳልረሳ ነግሬው ነበር። ሁለት ቆሮሶ ዓሣ በፌስታል ሰጠኝ። መቅዘፊያዎቹ ጀልባው ውስጥ ታስረው ነበር።

ባለ 55ቱ አሁንም ሱቃችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ትናንት አንድ ሰው ገብቶ «ይሄ ጉልበተኛ ነገር ውሃ ይስባል?» ብሎ ጠየቀ። አለቃዬ ዞሮ እኔን አየኝ።