ቦይንግ 737ን በኤክሴል ለመተካት

ኮምቦልቻ ውስጥ ሜካኒካል ምሕንድስና አስተምራለሁ። ባለፈው ሴሚስተር ከተመራቂ ተማሪዎቼ ጋር ትንሽ ደፈር ያለ ሥራ ጀመርን፤ ቦይንግ 737-800ን የሚተካ፣ ነዳጅ የሚቆጥብ አውሮፕላን በወረቀት ላይ መንደፍ። የነፋስ መሞከሪያ ዋሻ የለንም። ውድ ሶፍትዌርም የለንም። ያለን ላፕቶፕና ኤክሴል ነው። ለመጀመሪያ ንድፍ እሱ ይበቃል። 737-800ን የመረጥነው ልጆቹ ስለሚያውቁት፣ መረጃውም በሽ በሽ ስለሆነ ነው።

ተማሪ ሁሉ ሞተር ይወዳል። እኔ ግን መጀመሪያ ሥራውን ጻፉልኝ አልኳቸው፤ ስንት ሰው፣ ከየት ወዴት፣ ከምን ዓይነት ሜዳ ተነስቶ? 160 መንገደኛ፣ ከአዲስ አበባ ዱባይ፣ 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ አልን። ለኛ አገር ዋናው ሦስተኛው ጥያቄ ነው። ቦሌ ያለው 2,334 ሜትር ላይ ነው። እዚያ አየሩ ከባሕር ወለል በ20 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። አየር ሲሳሳ ክንፉም ሞተሩም ይደክማሉ። ለመነሳት የሚበቃ ሞተር ከመረጥክ ደግሞ ለጉዞው ከሚያስፈልግህ በላይ ተሸክመህ ትሄዳለህ። የመማሪያ መጻሕፍት ምሳሌዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሱት ከባሕር ወለል ነው፤ እኛ አገር ግን ይሄን ማለፍ አይቻልም።

ስሌቱ አንድ አውሮፕላን ለሚሄደው ርቀት ስንት ነዳጅ እንደሚፈጅ የሚያሳየው የብሬጌ ቀመር ነው። አንድ መስመር ናት። ሞተሩ ለሚሰጠው ግፊት ስንት ነዳጅ ይበላል? ክንፉ ክብደቱን ሲያነሳ አየሩ ምን ያህል ወደ ኋላ ይጎትተዋል? ሁሉም ተደምሮ ስንት ይመዝናል? ፍጥነቱን ማክ 0.785 (ከድምፅ ፍጥነት 78.5 በመቶ)፣ የመነሻ ክብደቱን 70 ቶን አድርገን ስናሰላ እስከ ዱባይ 7.3 ቶን ነዳጅ ወጣ። ለዚህ አውሮፕላን ያስኬዳል።

ከዚያ የሚወዱት ሞተር መጣ። የ737-800 ሞተር ሲኤፍኤም የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ሲኤፍኤም56 ነው። ፊት ለፊቱ ያለው ማራገቢያ 1.55 ሜትር ስፋት አለው። እሳቱ ውስጥ ለሚገባ ለእያንዳንዱ እጅ አየር፣ አምስት እጅ ያህል በጎን ያልፋል። የዚያው ኩባንያ አዲሱ ሞተር ሊፕ የ737 አዲስ ትውልድ በሆነው 737 ማክስ ላይ ዘጠኝ እጅ፣ በኤርባስ ኤ320ኒዮ ላይ ደግሞ አሥራ አንድ እጅ ያህል ያሳልፋል። ብዙ አየር ቀስ አድርጎ መግፋት፣ ጥቂት አየር በኃይል ከመግፋት ነዳጅ ይቆጥባል። ሞተሩን በ15 በመቶ አሻሽለን ስናስገባ 7.3 ቶኑ ወደ 6.3 ወረደ። ክፍሉ አጨበጨበ።

ጭብጨባው ሳያልቅ ክብደቱን አስገባን። የማክሱ ሞተር አንዱ ብቻ ከቀድሞው በ400 ኪሎ ያህል ይከብዳል። ማንጠልጠያውና ክንፉም መጠናከር አለባቸው። ጠቅላላ 2 ቶን ጨመርን። ከተቆጠበው ቶን ውስጥ 180 ኪሎው ተመልሶ ተበላ። አባቱ የኤፍኤስአር የጭነት መኪና ሾፌር የሆነ ልጅ ከኋላ ወንበር ሳቀ። «አባቴም ስፖንዳውን በከባድ ብረት ካስቀየረ ወዲህ ሐረጎ ዳገት ላይ ናፍታ አልበቃ ብሎታል» አለ። ከዚያ በኋላ ክብደትን ለማስረዳት ብዙ አልደከምኩም።

ብዙ ጊዜ የወሰደብን ግን እግሩ ነው። ማለቴ ጎማዎቹን የተሸከመው እግር። 737 መጀመሪያ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ያኔ ሞተሩ ቀጭን ነበር። አውሮፕላኑም ሻንጣ በእጅ እንዲጫንበት ዝቅ ተደርጎ ተሠራ። ማራገቢያው እየሰፋ ሲመጣ በክንፉና በመሬቱ መካከል ቦታ ጠፋ። ማክስ ላይ ማራገቢያው 1.76 ሜትር ደረሰና ሞተሩ ወደ ፊትና ወደ ላይ ተገፋ። ይህም አንዳንድ ጊዜ አፍንጫውን ወደ ላይ የማንሳት ጠባይ አመጣ። ያን ለማረም ኤምካስ የሚባል ሶፍትዌር ተጨመረ፤ የሚያምነው ደግሞ አንድ ሴንሰር ብቻ ነበር። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሳው በረራ 302 ምን እንደሆነ እዚህ አገር ለማንም አይነገርም። 157 ሰው ነው። ለልጆቹ ያልኩት አጭር ነው፤ እግር አጠረ ተብሎ በሶፍትዌር አይካካስም።

እኛ እግሩን አስረዘምነው። ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። የረዘመ እግር ሲታጠፍ ሆድ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ መነሻውን በክንፉ ላይ ወደ ውጭ ትገፋዋለህ። ያን ጊዜ የክንፉ የውስጥ አጥንት ይቀየራል። ክንፉ ተቀየረ ማለት ደግሞ አዲስ አውሮፕላን ጀመርክ ማለት ነው። ኩባንያዎች ለምን አሮጌውን ደጋግመው እንደሚያድሱት የገባኝ እዚህ ላይ ነው።

አንዴ ክንፉን ከነካን አይቀር ለምን አናረዝመውም? ክንፍ ሲረዝም በጫፉ የሚጠመዘዘው አየር የሚያመጣው ጉተታ ይቀንሳል። ከ35.8 ወደ 42 ሜትር ብንወስደው ይህ የጉተታ ዓይነት ከሩብ በላይ ይወርዳል። ችግሩ አየር ማረፊያው ነው። ለዚህ ክፍል አውሮፕላን የሚሠራው ጌት፣ ማለትም መንገደኛ የሚጫንበት መቆሚያ፣ ከ36 ሜትር ያነሰ ክንፍ ነው የሚፈልገው። 737-800 ከነዊንግሌቱ (ወደ ላይ ከታጠፈው የክንፍ ጫፍ ጋር) 35.8 ነው፤ የቀረው 20 ሳንቲ ነው። ቦይንግ 777ኤክስ ላይ ጫፉ ይታጠፋል፤ 71.8 ሜትሩ መሬት ላይ 64.8 ይሆናል። እኛም ጫፉን አጠፍነው። ማጠፊያው ግን ብረት ነው፣ ሞተር ነው፣ ቁልፍ ነው። ስለዚህ የክንፉን ጥቅም ቆጥበን ከጠቅላላው ጉተታ 8 በመቶ ቅናሽ ብቻ ያዝን።

የክንፉና የእግሩ ክብደት ተጨምሮ መጨረሻ ላይ የመነሻ ክብደቱ 73.5 ቶን፣ ነዳጁ 6.1 ቶን ሆነ። 17 በመቶ ገደማ ቁጠባ ማለት ነው። የሞተሩና የክንፉ ማሻሻያ ብቻቸውን ቢሠሩ 21 በመቶ ይሰጡ ነበር፤ ልዩነቱን ክብደት በላው። ዘንድሮ ለሚጀምሩት ከጌቱና ከእግሩ ተነሱ ብያቸዋለሁ። ሞተሩን ወደ መጨረሻ። ክብደት የሚል ዓምድ የሌለው ሠንጠረዥም አልቀበልም።

አንዷ ተማሪ ታዲያ ይሄ አውሮፕላን ኮምቦልቻ ይመጣል ወይ ብላ ጠየቀች። ለአዲስ አበባ መስመር አያዋጣም። ገና ከፍታውን ሳይጨርስ መውረድ ይጀምራል። እዚህ የሚያርፈው ኪው400 ባለ ፕሮፔለር ነው፤ ቀስ ይላል፣ ነዳጅ ግን ይቆጥባል። ፕሮፔለሩ 4.1 ሜትር ስፋት አለው፤ ክንፉም ከላይ ስለሆነ ቦታ አያጣም። ሲኤፍኤም እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ያደረገው ራይዝ የተባለ ፕሮጀክትም ሽፋን የሌለው ክፍት ማራገቢያ ይዞ ወደዚያው አቅጣጫ እየሄደ ነው፤ ዕቅዱ ከ20 በመቶ በላይ መቆጠብ ነው። ልጅቷ ታዲያ ያን ሞተር ከላይ በተሰካ ክንፍ ላይ ልታሰላው ፋይሉን ወስዳለች። እግሩን ሆድ ውስጥ የት እንደምታስገባው ገና አልነገረችኝም።