የ250 ሚሊሜትር ዊንግ በ279 ሚሊሜትር ባክፕሌት ላይ

የስኩባ ጠላቂ ጀርባው ላይ የሚያዝለው የብረት ሳህን ባክፕሌት ይባላል፤ በእሱና በአየር ሲሊንደሩ መካከል የሚገባው፣ ተነፍቶ የሚያንሳፍፈው ከረጢት ደግሞ ዊንግ። ዊንጉ ከአንድ ሰው፣ ባክፕሌቱ ከሌላ ሰው ሲገኝ ብሎኖቹ ይገጥማሉ ብሎ መተማመን አይቻልም። ወሎ ውስጥ የስኩባ ዕቃ ከመደርደሪያ ተመርጦ አይገዛም፤ የተገኘው ይያዝና እንዲገጥም ይደረጋል። የአብዛኞቹ ባክፕሌቶች ሁለት ዋና ቀዳዳዎች በመሃል መስመሩ ላይ 11 ኢንች፣ ማለትም 279 ሚሊሜትር ተራርቀው ይቀመጣሉ። ይህ ልክ ድርብ ሲሊንደር የሚታሰርባቸው ብሎኖች ርቀት ነው። ለነጠላ ሲሊንደር የተሠሩ ዊንጎች ግን ሁሉም አይከተሉትም። በሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው ሐይቅ ለመጥለቅ ያገጣጠምኩት ዊንግ ከመሃል እስከ መሃል 250 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱ 29 ሚሊሜትር ብቻ ቢሆንም ብሎን አያሳልፍም።

ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ ዊንጉን መብሳት ነው። ደሴ ላይ ሸራ ሰፊም ጫማ ሰፊም ስለማይጠፋ የብረት ቀለበት አስገብቶ ቀዳዳ ማስወጣት ጊዜ አይፈጅም። አልመክርም። አየር የሚይዘው ከረጢት ከውጪው ጨርቅ ውስጥ ነው ያለው፤ የተጣበቀው ጠርዙ እስከ የት ድረስ እንደሚመጣ ከውጪ አይታይም። ማወቅ የፈለገ ዊንጉን ወጥሮ ነፍቶ የመሃሉን ጨርቅ በአውራ ጣት እየተጫነ ይሂድ፤ ጠርዙ ጋ ሲደርስ ጨርቁ መላላቱን ትቶ ጠጠር ይላል። ከረጢቱ ቢተርፍ እንኳ አዲሱ ቀዳዳ ከነባሩ ጎን ሲወጣ በመካከል የሚቀረው ጨርቅ ጠባብ ስለሆነ፣ ሲሊንደሩ ሲጎትተው ሁለቱ ተቀደው አንድ ይሆናሉ። ብረት ቢበላሽ ይበየዳል፣ ሌላም ይቆረጣል። የተበሳ ከረጢት ግን ጎሚስታ ጋ የሚወሰድ ካላማዳሪ አይደለም። ስለዚህ የነካሁት ብረቱን ብቻ ነው።

ባክፕሌቱ ላይ አዲስ ቀዳዳ ሲወጣ መወሰን ያለበት የትኛው ነባር ቀዳዳ እንደሚቀር ነው። የላይኛውን ይዞ ታችኛውን ማዛወር ዊንጉን ወደ ትከሻ ያስጠጋዋል። የታችኛውን ይዞ የላይኛውን 29 ሚሊሜትር ማውረድ ደግሞ ማንሻ ኃይሉን ወደ ወገብ ያመጣዋል። ውሃ ውስጥ እግሩ የሚሰምጥበት ጠላቂ ሁለተኛው ይሻለዋል፤ እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። በነባሩና በአዲሱ ቀዳዳ መካከል 20 ሚሊሜትር ያህል ሙሉ ብረት ይተርፋል፣ ለ3 ሚሊሜትር ስቴንለስ ይህ በቂ ነው። ዊንጉ ሲወርድ አየር መሙያው ቱቦም አብሮ ስለሚወርድ፣ ከመብሳት በፊት ዕቃውን በክር አስሮ ቱቦው ግራ ደረት ላይ ሳይወጠር መድረሱን ማየት ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው የሚረሳው የሲሊንደሩን ማሰሪያ ነው። ማሰሪያዎቹ 50 ሚሊሜትር ስፋት አላቸው፣ በባክፕሌቱም በዊንጉም ቁመት ባላቸው ስንጥቆች ውስጥ ያልፋሉ። ዊንጉ 29 ሚሊሜትር ሲወርድ ስንጥቆቹ አይገናኙም፤ ማሰሪያው በግድ ካለፈ ይታጠፍና ጠርዙ በብረቱ ይበላል። መፍትሔው ማሰሪያው በሁለቱም እንዳያልፍ በሲሊንደሩና በዊንጉ መካከል የነጠላ ሲሊንደር መያዣ ማስገባት ነው። ተሠርቶ የሚሸጥ አለ፣ ግን ማንኛውም ላሜራ የሚያጥፍ ወርክሾፕ ይሠራዋል።

ልኩ ይኸው። 3 ሚሊሜትር ስቴንለስ፣ ርዝመቱ 330፣ መሠረቱ 50 ሚሊሜትር ስፋት፣ ሁለቱ ጎኖቹ ከውጪ ሲለኩ 20 ሚሊሜትር ወደ ላይ የታጠፉ። የብሎን ቀዳዳዎቹ መሠረቱ ላይ ከላይኛው ጫፍ 40 እና 290 ሚሊሜትር ላይ ይወጣሉ፤ ይህ የዊንጉን 250 ይሰጣል። የማሰሪያ ስንጥቆቹ በጎኖቹ ላይ ናቸው፣ መሃላቸው በ90 እና በ240፣ እያንዳንዳቸው 55 በ6 ሚሊሜትር። በዚህ አቀማመጥ ማሰሪያው በብሎን ራስ ላይ አያልፍም። ስንጥቁን ለማውጣት ጫፍና ጫፉን በ6 ፑንታ በስቶ መካከሉን በቀጭን ዲስክ መክፈት፣ በሞረድ መጨረስ። ሥራው ላሜራው ሳይታጠፍ ቢያልቅ ይቀላል፤ ሲታጠፍ ግን የእጥፋቱ መስመር ስንጥቁን እንዳይነካ ቀድሞ ምልክት ይደረግ። ሲሊንደሩ የሚያርፍበትን የጎን ጠርዝ በአሮጌ ካላማዳሪ ቁራጭ ማልበስ ሲሊንደሩ እንዳይንሸራተት ያደርገዋል።

ስቴንለስ መብሳት ሌላ ዓለም ነው፣ ወርክሾፑ ውስጥ የሚባክነው ጊዜ ሁሉ እዚህ ነው። ለተራ ብረት የለመደ ባለሙያ ትራፓኖውን በፍጥነት ያስነሳዋል። ስለዚህ ገና ከበር "ጋሼ፣ ይሄ ተራ ላሜራ አይደለም፤ ፍጥነቱን ዝቅ፣ ጫናውን ከፍ ያድርጉልኝ" ብሎ መናገር ይሻላል። ምክንያቱም ፑንታው ሳይቆርጥ ብረቱን ካሸው ያ ቦታ ይጠነክራል። ከጠነከረ በኋላ አዲስ ፑንታም ይንሸራተትበታል። የኮባልት ፑንታ ይያዝ፤ በ4 ሚሊሜትር መጀመር፣ ወደ 6 ማሳደግ፣ በ8.5 መጨረስ። ለ4ቱ በደቂቃ 800 ዙር፣ ለ8.5ቱ 400 ገደማ በቂ ነው። ዘይት ሳይቋረጥ ይንጠባጠብ። በትክክል እየቆረጠ ከሆነ ከፑንታው ሁለት ረጃጅም ጥቅል ብረቶች እየተጠማዘዙ ይወጣሉ። ዱቄት ከወጣ ወይም ጢስ ከሸተተ ወዲያው ማቆም፣ ፑንታውን መሳል፣ ከዚያ በሙሉ ጫና መመለስ።

በኋላ ማጽዳቱ ከመብሳቱ እኩል ዋጋ አለው። የቀዳዳው ዙሪያ ላይ የሚቀረው ሹል ጠርዝ ጨርቁን ቀስ በቀስ ይቆርጣል፤ ትልቅ ፑንታ በእጅ አዙሮ በሁለቱም ፊት መግፈፍ፣ ከዚያ በ400 ብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ። ተራ ብረት ሲቆርጥ የኖረ ዲስክ ስቴንለስ ላይ አይነካ። የብረቱ ብናኝ ተቀብሮ ይቀርና ውሃ ሲያገኝ ይዝጋል፣ ከዚያ "ስቴንለሱ ውሸት ነው" ይባላል።

ለመግጠም ሁለት ባለ 8 ሚሊሜትር የስቴንለስ ብሎን፣ ርዝመታቸው 25፣ አራት 24 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው ሮንዴላዎች፣ ሁለት ናይለን ያለው ዳዶ። ቅደም ተከተሉ ከሲሊንደር ወደ ጀርባ መያዣው፣ ዊንጉ፣ ባክፕሌቱ ነው። የብሎኑ ራስ በመያዣው በኩል፣ ዳዶው በባክፕሌቱ የመሃል ጎድጓድ ውስጥ ይሆናል። በጀርባ በኩል የሚወጣው 13 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ የጎድጓዱ ጥልቀት ከዚህ ማነስ የለበትም፤ ካነሰ ዳዶው አከርካሪ ላይ ነው የሚያርፈው። በዊንጉ ሁለት ፊት ከካላማዳሪ የተቆረጠ ክብ ጎማ ማስገባት ጨርቁን ከብረት ይለያል። የስቴንለስ ዳዶ በስቴንለስ ብሎን ላይ በደረቁ ሲጠብቅ ጥርሶቹ ተቃቅፈው አይፈቱም። ትንሽ ግሪስ ይቀባ፣ በእጅ ቁልፍ በቀስታ ይዙር።

ዊንጉ አየር መያዙ ሲሞከር የወሎ ተራራ ሰው ያሳስታል። ዊንጉ ኮምቦልቻ ላይ ጢም ብሎ ተነፍቶ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ቢገባ፣ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውስጡ በ8 በመቶ ገደማ ሊሰፋ ይፈልግና በማስተንፈሻው ቫልቭ ይወጣል። ደሴ ላይ ተነፍቶ ወደ ሐይቅ ሲወርድ ደግሞ ይላላል። ሌሊቱም ብርዱ ብቻውን ጥቂት በመቶ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ጠዋት ላልቶ መገኘቱ ብቻ ፍሳሽ ነው አያሰኝም። ሙከራው በአንድ ቦታ፣ ሙቀቱ ተመሳሳይ በሆነ ሰዓት ይነጻጸር፤ ከዚያ በሰፊ ሳፋ ውሃ ውስጥ ክፍል በክፍል እየተነከረ ይታይ። ጨርቁ ውስጥ የታሰረ አየር መጀመሪያ ተበታትኖ ይወጣና ያልቃል። ፍሳሽ ግን ከአንድ ነጥብ፣ በእኩል ርቀት፣ ሳያቋርጥ አረፋ ይሰጣል። በቫልቮቹ ክር ዙሪያ ከሆነ ብዙ ጊዜ አሸዋ የገባበት ጎማ ነው፤ ፈትቶ ማጠብ ይበቃል።

ክብደቱም እንደገና ይሰላ። 2.7 ኪሎ የሚመዝን የስቴንለስ ባክፕሌት ውሃ ውስጥ 2.4 ኪሎ ያህል ይጎትታል፤ 0.9 ኪሎ የሆነ የአሉሚኒየም ግን 0.6 ብቻ። መያዣው ራሱ ወደ 650 ግራም ነው፣ ውሃ ውስጥ 570 ገደማ። ይህ ሁሉ ጠላቂው ለመስመጥ ከሚታጠቀው እርሳስ ላይ ይቀነሳል። ሐይቅ ጨው አልባ ስለሆነ ከነዕቃው 100 ኪሎ ለሚሆን ሰው ለባሕር ከሚያስፈልገው እርሳስ 2.5 ኪሎ ያህል ይቀንሳል። ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር ግፊት ሲሞላ የአየሩ ክብደት ብቻ 2.9 ኪሎ ነው፤ መጨረሻ ላይ ጠላቂው የሚቀለው ከዚህ ውስጥ በተነፈሰው ያህል ነው። ስለዚህ ሚዛኑ የሚፈተሸው በ50 ባር፣ ዊንጉ ባዶ ሆኖ፣ 3 ሜትር ላይ መቆየት በመቻል ነው። ሐይቁ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ የመጥለቂያ ኮምፒውተሩ ለከፍታው መስተካከሉም እዚያው ይታይ።

ወደ ጥልቀት ከመሄድ በፊት ዳር ላይ፣ ወገብ በሚደርስ ውሃ፣ ሲሊንደሩ ሙሉ ሆኖ ዕቃው ከሰው ተለይቶ ይጣል፤ ዊንጉ ብቻውን ሊያንሳፍፈው ይገባል። ከዚያ ተለብሶ ወደ ግራና ቀኝ መገልበጥ ነው። መያዣው ሲሊንደሩን ከጀርባ 20 ሚሊሜትር ያህል ስለሚያርቀው ጠላቂው ወደ አንድ ጎን የመዞር ዝንባሌ ሊሰማው ይችላል። የወገብ ማሰሪያውን ማጥበቅ አብዛኛውን ያስተካክላል። የታችኛው ማስተንፈሻ ገመድ በመያዣው ጫፍ እንዳይያዝም በእጅ ይሞከር። የሲሊንደሩ ማሰሪያ ውሃ ሲጠጣ ይረዝማል፤ ደረቅ ሆኖ የጠበቀው ከመጀመሪያው መጥለቅ በኋላ እርጥብ ሳለ እንደገና ይሳብ፣ ዳዶዎቹም ያኔ ሩብ ዙር ይጨመሩ።