ሁለት ገና ላላችሁ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

እዚህ ስዊዘርላንድ ገና ካለፈ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። ጎረቤቶቼ ዛፋቸውን ከቆሻሻው ጎን አውጥተው ጥለውታል። እኛ ቤት ገና አሁን ሽንኩርት እየተቁላላ ነው። ልጄ "እማዬ፣ እኛ ለምንድን ነው ሁሌ የምናረፍደው?" አለችኝ። ስለ ዘመን አቆጣጠር ብጀምርላት አዛጋች። ስለዚህ ስለ አይፖድ ነገርኳት።

ሙዚቃ ማጫወቻውን አይደለም። የስኖውቦርዱን (በአንድ ሰሌዳ ላይ ቆሞ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ስፖርት) ዩሪ ፖድላድቺኮቭን ነው። ስሙ ለአፍ ስለማይመች አድናቂዎቹ አሳጥረው "አይፖድ" አሉት፣ ቀረ።

የተወለደው በፈረንጆች 1988 ሞስኮ አጠገብ፣ ፖዶልስክ ነው። እዚያም ገና እንደኛው በፈረንጆች ጃንዋሪ 7 ይከበራል። ቤተሰቡ በስዊድንና በሆላንድ በኩል ዞሮ ስዊዘርላንድ ገባ። ልጁ በ2006 ቶሪኖ ኦሎምፒክ ለሩሲያ ተወዳደረ። በ2010 ቫንኩቨር ላይ ግን ለስዊዘርላንድ ነበር፤ አራተኛ ወጣ። አራተኛ ከመውጣት አሥረኛ መውጣት ሳይሻል አይቀርም፣ ቢያንስ እንቅልፍ ይወስዳል።

ውድድሩ ሃፍፓይፕ ይባላል። ለሁለት የተሰነጠቀ ግዙፍ ቧንቧ አስቡ፤ ግድግዳው ከ6 ሜትር በላይ ነው፣ ሁሉም በረዶ። (አማርኛችን ከሰማይ የሚወርደውንም ፍሪጅ ውስጥ ያለውንም "በረዶ" ብሎ ይገላገላል።) ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እየተወረወሩ አየር ላይ መገለባበጥ ነው። ዩሪ ሁለቴ ተገልብጦ አራት ዙር የሚሽከረከርበትን ዝላይ አመጣ። "ዮሎ" አለው፤ የሚኖሩት አንዴ ነው እንደማለት።

በ2014 ያንኑ ዝላይ ይዞ ሶቺ ሄደ። አሜሪካዊው ሾን ዋይት ሁለት ኦሎምፒክ በተከታታይ አሸንፎ ሦስተኛውን ሊወስድ መጥቷል። ዮሎንም ተምሮታል! በሁለተኛው ዙር የዝላዩ ባለቤት በ94.75 ነጥብ ወርቁን ወሰደ፤ ዋይት አራተኛ ሆነ። በሩሲያ ምድር፣ ሩሲያ ለተወለደ ልጅ፣ የስዊስ መዝሙር ተዘመረ።

ልጄ እዚህ ላይ አቋረጠችኝ። "ታዲያ ማን ነው ያሸነፈው? እነሱ ወይስ እኛ?"

"እኛ" ያለችው ስዊሶችን ነው። ዝም አልኩ። እኔ "እኛ" ስል ሌላ ቦታ ነው ያለሁት።

ከወርቁ ይልቅ እኔ የምወድለት 2018ን ነው። ጃንዋሪ ላይ አሜሪካ፣ አስፐን ውስጥ በፊቱ ወድቆ አፍንጫው ተሰበረ፣ ጭንቅላቱም ውስጥ ትንሽ ደም ፈሰሰ። እንዲያም ሆኖ ለኦሎምፒኩ ደቡብ ኮሪያ ድረስ ሄደ። ደርሶ ግን አልወዳደርም አለ። የሚኖሩት አንዴ ነው ብሎ የዘለለ ሰው፣ የሚኖሩት አንዴ ነው ብሎ ቀረ። በ2020 ጨርሶ አቆመ። ድሮም ከእጁ የማይለየው የፎቶ ካሜራ ግን አለ።

ልጄ ይህን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ፣ "እሺ፣ እኛ ሁለት ገና አለን ማለት ነው?" አለች።

"አዎ።"

"ታዲያ ሁለተኛው ስጦታዬ የታለ?"

ወጡን ላማስል ብዬ ተነሳሁ። መልካም በዓል!