ከወንድም ጋር የሚገዛ የኪራይ ቤት

ዛሬ ኮንዶሚኒየም ሲታይ ዋለ፤ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት መኝታ።

የኪራይ ቤት መታየት ያለበት ውሃ በማይመጣበት ቀን ነው። ጄሪካን ተሸክሞ አራት ፎቅ የሚወጣ ተከራይ አይበረክትም። ከዚያ የታችኛውን ጎረቤት አንኳኩና የመታጠቢያ ቤታቸውን ጣሪያ እዩ። ቀለሙ አብጦ ቢጫ ክብ ከሠራ፣ ላይ ያለው ሴራሚክ ተነስቶ ቧንቧው ሊጠገን ነው፤ ወጪው የገዢ ነው። የቆጣሪ ውዝፍና የባንክ ዕዳ ከቀብድ በፊት ይጣራ።

ሒሳቡ ላይ ከ12 ወር ኪራይ 10ሩን ብቻ ቁጠሩ፤ አንዱ ቤቱ ባዶ ለሚከርምበት፣ ሌላው ለጥገና። በመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር አይበልጥም፣ ውሉም ከ2 ዓመት አያንስም። የስድስት ወር ቅድሚያ ተቀብላችሁ ብድር ልትከፍሉ ካሰባችሁ አይሆንም።

ከባዱ የቤተሰቡ ነገር ነው። ውጭ ያለች እህት ገንዘብ ትልካለች፣ ካርታው በወንድም ስም ይወጣል። ወንድም ባለትዳር ከሆነ፣ በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ፍቺ ወይም ሞት ሲመጣ የእህት ድርሻ በምን ይታወቃል? «ወንድሜ እኮ ነው» ማስረጃ አይሆንም።

እባካችሁ፣ የግዢ ውሉ ላይ የሁለቱም ስም ይግባ፤ ድርሻው 60 ለ40 ከሆነም በቁጥር ይጻፍ። ሚስትም ትፈርም፤ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዝገብ። አንዱ መውጣት ቢፈልግ ቤቱን ማን ይገምታል፣ በስንት ወር ይከፈላል የሚለውም አብሮ ይስፈር። ቧንቧ ሠራተኛ ፍለጋ የሚሮጠው ወንድም የድካሙ ዋጋ ከኪራዩ ቀድሞ ይነሳለት፤ ኩርፊያው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።