የአየርላንድ ልብ ወለድ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ስሠራ የተሳሳትኩት

ማስተርሴን የሠራሁት የአየርላንድ ደራስያን ስለ ሴትነትና እናትነት የቆየውን አመለካከት እንዴት እንደሞገቱት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ርዕስ ማስጸደቅ፣ መጻሕፍት ማሰባሰብ፣ ፎርም መሙላት ያው የተለመደው ነው። ደራሲዋ ኤድና ኦብራየንም አላስቸገረችኝም። በ1960 የወጣው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ በሳንሱር ታግዷል፤ ሳንሱር አድራጊዎቹን ምን እንደነካባቸው ግልጽ ነው።

የወደቅኩት ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነው። የ2007 የቡከር የልብ ወለድ ሽልማት ያገኘው፣ የአን ኤንራይት ልብ ወለድ «ዘ ጋዘሪንግ»። ተራኪዋ ቬሮኒካ እናቷ ላይ ቂም አላት። እናትየዋ 12 ልጅ ወልዳለች፣ 7 ጊዜ አስወርዷታል። ቬሮኒካ ስትናደድ እኔም አብሬያት ተናደድኩና ምዕራፉን ሙሉ እናትየዋን ደካማ፣ ለልጆቿ ያልደረሰች እያልኩ ከሰስኳት። አማካሪዬ ሁለቴ አይቶ «ጥሩ ነው፣ ቲዎሪ ጨምሪበት» አለኝ። ጨመርኩ። ይሄ እስካሁን ያናድደኛል።

ዲፌንስ ላይ (ጽሑፌን ፈታኞች ፊት ሳቀርብ) አንዷ ፈታኝ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ይቺ ሴት ላለመውለድ ብትፈልግ ምን ማድረግ ትችል ነበር?» አሉኝ። ዝም አልኩ።

አየርላንድ ውስጥ የእርግዝና መከላከያ መሸጥም ከውጭ ማስገባትም በ1935 ሕግ ተከልክሎ ነበር። የላላው በ1979 በወጣ ሕግ ነው፣ ያውም በሐኪም ማዘዣ። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነች ሴት ስታገባ ሥራ ትለቅ ነበር፣ እስከ 1973። ይሄን ሁሉ አንብቤዋለሁ እኮ! መግቢያው ላይ በአንድ አንቀጽ ጽፌ አለፍኩት። 12 ልጅ ከወለደችው ሴት ጋር ግን አላገናኘሁትም። የልጇን የቬሮኒካን ቁጣ የደራሲዋ ፍርድ አድርጌ ወሰድኩት።

የትምህርት ክፍላችን መመሪያ ቲዎሪ ይቅደም ይላል። እኔ አልስማማም። መጀመሪያ ሕጉን አንብቡ። አንድ ወረቀት ላይ ገጸ ባሕሪዋ በየዕድሜዋ ምን ተከልክላ እንደነበር ጻፉ። ቲዎሪው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ተራኪዋ እናቷ ላይ ስትጮህ ደግሞ አብራችሁ አትጩሁ፤ እናትየዋ ምን ምርጫ እንደነበራት ጠይቁ።

ምዕራፉን እንደገና ጻፍኩት፤ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። አንድ ሌላ ስህተትም አገኘሁ። የ1937ቱ ሕገ መንግሥት ሴት በቤት ውስጥ ባላት ሕይወት አገሯን ትደግፋለች ይላል። እኔ «ይል ነበር» ብዬ ነበር የጻፍኩት። አንቀጹን ለመቀየር በማርች 2024 ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ሕዝቡ አይሆንም ብሏል፤ «ነበር»ን ሰረዝኩ።