ግማሹ ያልተነካ እንጀራ

ስትሮክ የአንጎላቸውን ቀኝ ክፍል የመታቸው አባት ከእንጀራው ቀኝ ቀኙን በልተው «ጨምሩልኝ» ይላሉ፤ ግራው እንዳለ ነው። በግራቸው ሆነው ሲጠሯቸው ድምፁን በቀኝ በኩል ይፈልጋሉ። ቤተሰብ «ዓይናቸው ደከመ» ወይም «ኩርፊያ ነው» ይላል። ዓይናቸው ደህና ሊሆን ይችላል፤ ወደ ግራ አልሄድ ያለው ትኩረታቸው ነው።

የአንጎል ግራ ክፍል ትኩረቱ በአብዛኛው በቀኝ ጎን ላይ ነው፤ የቀኙ ክፍል ግን ሁለቱንም ጎን ይጠብቃል። ስለዚህ ግራው ሲጎዳ ቀኙ ይሸፍንለታል፤ ቀኙ ሲጎዳ ግን ለግራ ጎን ተተኪ ጠባቂ የለም። («ቀኝ አንጎል ለአርቲስት፣ ግራ አንጎል ለሂሳብ ሰው» የሚባለውን እርሱት፤ ሰው እንዲያ አይከፈልም።)

ነገሩ ትዝታ ውስጥም ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ የጣሊያን ጥናት እንዲህ ያሉ ሕመምተኞች የሚላንን ካቴድራል አደባባይ በሐሳብ እንዲያዩ ጠየቀ፤ በአብዛኛው ከቆሙበት በስተቀኝ ያለውን ጠሩ፤ በሐሳብ ዞረው ሲቆሙ ቀድሞ የዘለሉትን ጠሩ። እንዲህ ያለ የባሕር ዳር ሕመምተኛ ፊቱን በሐሳብ ወደ ጣና ሲያዞር የአባይን ድልድይና ቤዛዊትን ጠርቶ አየር ማረፊያውን ይዘላል፤ ለሐይቁ ጀርባውን ሲሰጥ ደግሞ ይገለበጣል ማለት ነው።

ቤት ውስጥ ለመሞከር 20 ሳንቲሜትር አግድም መስመር አስምረው ሕመምተኛው መሐሉ ላይ ምልክት እንዲያደርግ ይጠይቁ። ወረቀቱን አጥብቀው ይያዙ፤ ሕመምተኛው ወደ ቀኝ ከጎተተው ሙከራው ይበላሻል። ምልክቱ ከመሐል ርቆ ወደ ቀኝ ከወደቀ ለሐኪም ይንገሩ።

በገበታው ግራ ጠርዝ ቀይ ሪባን ያስሩ። ከመጉረሳቸው በፊት «አባባ፣ ቀዩን አገኙት?» ይበሉ፤ እስኪያገኙት ይታገሱ። «ወደ ግራ ይዩ» ብቻ ማለት ብዙም አይረዳም፤ ግራ የሚባለው ጎን ለእሳቸው ጠፍቷልና። ገበታውን ሁልጊዜ ማዞርም ሆድ ይሞላል እንጂ ፍለጋን አያስተምርም። ጉርሻ ግን አይከለከል፤ ከግራ በኩል ይሁን።

ግራ እጃቸው በተሽከርካሪ ወንበሩ ጎማ እንዳይያዝ ይጠብቁ፤ ሲያነሷቸውም በዚያ እጅ አይጎትቱ፣ ትከሻቸው ሊወልቅ ይችላል። ረከቦትና ምድጃ ከግራቸው ይራቁ።

ከሁሉ የሚያስፈራው መንገድ ነው። እኛ አገር መኪና በቀኝ ስለሚነዳ አስፋልት የረገጠ እግረኛ መጀመሪያ የሚገጥመው ባጃጅ ከግራ ነው የሚመጣው። ብቻቸውን አይሻገሩ፤ አጋዡም በግራቸው ይሁን።